የገበያው ፎቶ በስንት ሰዓት ተነሣ?

የድሮ ገበያን ከዳር እስከ ዳር የሚያሳይ ፎቶ ሲገኝ መጀመሪያ የሚወደሰው ስፋቱ ነው። ሜዳውን የሞላው ሕዝብ፣ ነጭ በነጭ የሆነው ሸማ፣ ከወዲያ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ ከወዲህ የታሰረው አህያና በቅሎ ሁሉ በአንድ ዕይታ ስለሚጠቃለል ተመልካቹ ገበያውን ያየው ይመስለዋል። ፎቶው ጎልቶ ይታጠባል፣ በሆቴል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ በከተማ ምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ይወጣል፤ ከሥሩም «የጥንቱ ገበያ» ከሚል ቃል በቀር ምንም አይጻፍበትም። እኔ የምከራከረው ይህን ልማድ ነው። ገበያ ሜዳ አይደለም። በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓትና ወቅት የሚቆምና የሚበተን የሰዎች ስምምነት ነው፤ ሜዳውማ በሌላው ቀን ከብት ይግጥበታል። ስለዚህ ሰፊ የገበያ ፎቶ መመዘን ያለበት ስንት ሰው እንዳሳየ ተቆጥሮ ሳይሆን ሰዓቱን፣ ወቅቱንና ዘመኑን ምን ያህል ሊነግረን እንደቻለ ታይቶ ነው። ይህን ያልነገረ ወይም ያልተጠየቀ ፎቶ ምንም ያህል ቢያምር ለታሪክ ያለው ፋይዳ ትንሽ ነው።

የጎጃም ደጋ ይህን ክርክር ለመፈተን የተመቸ አገር ነው፤ ምክንያቱም ትልቁ ገበያውና ካሜራው ሳይገናኙ ተላልፈዋል። ከዓባይ በረሃ አፋፍ በላይ፣ በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ዓመት የሰሜኑና የደቡቡ ንግድ የሚገናኝበት ዋና ቦታ ነበር። ከሰሜን የአሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ይደርሳል፤ ከዓባይ ማዶ ደግሞ በጉድሩ አሰንዳቦ በኩል ከእናርያና ከከፋ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ባሪያ ይመጣል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቤክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ የጁቤ ተቀምጦ ይህን ንግድ በደብዳቤዎቹ መዝግቧል። ፎቶግራፍ ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው፤ ቤክ ባሶን ሲጽፍ ጥበቡ ገና ጨቅላ ነበር። ከዚያ ዘመን የባሶ ገበያ የቀረልን ጽሑፍ ነው። ታዲያ ጽሑፉን ልብ ብሎ ላነበበው ሰው ጎልቶ የሚታየው የገበያው ስፋት ሳይሆን ጊዜው ነው። ዓባይ በክረምት ሲሞላ መልካው ይዘጋል፤ የማዶው ነጋዴ አይሻገርም። በጋ ሲገባ ውሃው ይጎድላል፣ ሲራራ ነጋዴው ተጠራቅሞ ይወርዳል፣ ባሶም ይደራል። በነሐሴና በየካቲት ያለው ባሶ አንድ ሜዳ ላይ የሚቆም ሁለት የተለያየ ገበያ ነበር ማለት ይቻላል፤ አንደኛው የአካባቢው ገበሬ እህልና ቅቤ የሚለዋወጥበት፣ ሌላው የአፍሪካ ቀንድ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት። ፎቶ አንሺ በዚያ ዘመን ነሐሴ ላይ ደርሶ አፋፉ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ ሰፊና ጥርት ያለ ፎቶ አንሥቶ ባሶን ተራ የገጠር ገበያ አድርጎ ያስተላልፍልን ነበር። በፎቶው ውስጥ አንድም ሐሰት አይኖርም፤ የሚሰጠው ድምዳሜ ግን ፍጹም ስሕተት ይሆናል።

የባሶ መዳከምም የሚታየው ከሜዳው ላይ ሳይሆን ከጊዜው ቅደም ተከተል ነው። ራስ አዳል በጥር 1873 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ ሆኑ። ያን ጊዜ ከዓባይ ማዶ ያለውን የንግድ መስመር ማን ይይዛል የሚለው ጥያቄ በጎጃምና በሸዋ መካከል ተፋፍሞ ነበር። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ንጉሥ ምኒልክ አሸነፉ፤ የደቡብ ምዕራቡ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስም እየዋለ እያደረ ወደ ሸዋ አዘነበለ። ቆየት ብሎ የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ድሬዳዋ፣ ከዚያም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ነገሩ አበቃ፤ ዕቃው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ሰሜን የሚወጣበት ምክንያት አልቀረም። እንግዲህ በአዲስ አበባ አራዳ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ በቆመው ገበያ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በተነሡት ሰፋፊ ፎቶዎች ላይ የምናየው ሕዝብ የአዲስ አበባ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከፊሉ ወደ ባሶ መሄዱን የተወ ንግድ ነው። የጎጃም ተማሪ የአራዳን ፎቶ የሌላ አገር ጉዳይ ብሎ ማለፍ የለበትም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

የአራዳ ፎቶዎች ዘመንን ከሥዕል ውስጥ እንዴት ማውጣት እንደሚቻልም ያስተምራሉ። አሁን ያለው የጊዮርጊስ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ከአድዋ ድል በኋላ የተሠራ ነው፤ እሱ ቆሞ የሚታይበት ፎቶ ከዚያ ወዲህ ነው። የአፄ ምኒልክ የፈረስ ላይ ሐውልት በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫኛ ሰሞን ተመረቀ፤ ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ ተነሣ፤ ከነጻነት በኋላ እንደገና ቆመ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሐውልቱ የማይታይበትን ፎቶ «ከ1923 በፊት ነው» ብሎ ይዘጋዋል፤ የወረራው ዘመን ፎቶም ሐውልት እንደሌለው ይዘነጋል። ሁለቱን የሚለየው ገበያው ራሱ ነው፤ ጣሊያን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ወስዶታል። ሐውልቱም ገበያውም አብረው ከታዩ ዘመኑ ከ1923 እስከ 1928 ዓ.ም. ወዳሉት ጥቂት ዓመታት ይጠባል። አንድ ነገር ብቻውን ዘመን አይናገርም። ሁለት ነገሮች አንድ ላይ መታየታቸው ወይም አንዱ ኖሮ ሌላው መጥፋቱ ነው የሚናገረው፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ደግሞ ሰፊ ፎቶ ነው። የአንዲት ቅቤ ሻጭ ፊት ቀርቦ የተነሣ እንደሆነ ስለ እሷ ብዙ ይናገራል፤ ከጀርባዋ ሐውልት ይኑር አይኑር ግን አናውቅም። ስለዚህ ስፋትን መንቀፌ አይደለም። ስፋት የሚጠቅመው የዘመን ምልክቶችን አንድ ላይ ስለሚይዝ ነው እንጂ ብዙ ሰው ስላሳየ አይደለም።

ወደ ደብረ ማርቆስ እንመለስ። ከተማዋ መጀመሪያ መንቆረር ትባል ነበር፤ ያሁን ስሟን የያዘችው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የእሷን ወይም የአካባቢዋን ገበያ የሚያሳይ ቀን የሌለው ሰፊ ፎቶ እጃችን ቢገባ ከምን እንጀምር? እኔ ከጥላ እጀምራለሁ። ቤተ ክርስቲያን በፎቶው ውስጥ ካለ አቅጣጫ አለን ማለት ነው፤ ቤተ ልሔሙ ብዙውን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ስለሚሠራ ክቡን ሕንጻና አጠገቡ ያለችውን ትንሿን ቤት ያየ ሰው ፀሐይ መውጫውን ያውቃል። የቆሙት ሰዎች ጥላ ወደ ምዕራብ ረዝሞ ከወደቀ ጧት ነው፤ ገበያው ገና እየሞላ ነው፤ ባዶ የሚመስለው ተራ የማይሸጥበት ሳይሆን ባለቤቱ መንገድ ላይ ያለ ሊሆን ይችላል። ጥላው ከእግር ሥር ካልራቀ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ገበያው በደራበት ሰዓት ላይ ነን። ወደ ምሥራቅ ከረዘመ ሩቅ አገር የመጣው ሰው መመለስ ጀምሯል። ከዚህም ይበልጥ የሚያስገርም ነገር አለ። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ግድም ላይ ትገኛለች፤ ስለዚህ ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናት ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ታልፋለች፤ በቀሪው ዓመት ወደ ደቡብ። የእኩለ ቀን አጭሯ ጥላ ወደ ደቡብ ከወደቀች በልግ ማለቂያ ወይም ክረምት ነው፤ ወደ ሰሜን ከወደቀች መኸር ወይም በጋ። ፎቶ አንሺው ስለዚህ ጉዳይ አላሰበም፤ ሊያስመስለውም አይችልም።

ጥላው የጀመረውን ሌላው ነገር ያጠነክረዋል ወይም ያፈርሰዋል። ገሳ የለበሰ እረኛ ከታየ ዝናብ አለ። የእህሉ ተራ ሰፍቶ፣ ስልቻና አቁማዳው ተደርድሮ፣ ጤፉና ኑጉ በቁና እየተሰፈረ ከታየ አዝመራ ከተሰበሰበ ወዲህ ነው። ለጎጃም ደጋ ከሁሉ የሚሻለው ምልክት ግን ጾም ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ቅቤ፣ እንቁላልና ዶሮ ከገበያው ይጠፋሉ ማለት ይቀላል፤ የበግ ተራውም ይቀዘቅዛል። የፋሲካ ሰሞን ግን ሜዳው በበግና በቅቤ ቅል ይጨናነቃል። አንድ ሰው የሁዳዴ ፎቶ አይቶ «በዚያ ዘመን የቅቤ ንግድ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም» ብሎ ቢጽፍ፣ ያየው እውነት ነው፤ የደመደመው ግን የጾሙን ወቅት ሳያውቅ ነው። ለረጅሙ ዘመን ደግሞ ዛፉና ጣሪያው አሉ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ መጀመሪያም የተስፋፋው በአዲስ አበባ ነው። ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ መስመር ከገበያው ጀርባ የሚታይበት የጎጃም ፎቶ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ነው ቢባል እጠራጠራለሁ፤ እሳቸው ያረፉት በጥር 1893 ዓ.ም. ነውና ዛፉ ያን ያህል ሊያድግ ጊዜ አልነበረውም። የሣር ክዳኑና የቆርቆሮው መጠንም እንዲሁ ነው። ቆርቆሮን በአህያ ጭኖ ዓባይን ማሻገር ከባድ ነበር፤ በመኪና መንገድ ሲሆን ቀለለ። ጣሪያው ሁሉ ሲያብረቀርቅ የሚታይ ከተማ የመኪና መንገድ የደረሰው ከተማ ነው።

ፎቶው ራሱ የተሠራበት መንገድም ጊዜን ያዛባል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሥዕሉን አምኖ ይታለላል። በድሮው ዘመን ሰፊ ዕይታ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ካሜራውን በመቆሚያው ላይ እያዞሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ማንሣትና የታጠበውን ወረቀት ጎን ለጎን መለጠፍ ነው። በአንዱና በሌላው መካከል ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ በግራ በኩል በግ ሲጎትት የታየው ሰው በቀኝ በኩል ደግሞ ሲዋዋል ሊታይ ይችላል፤ ቆጣሪው ሁለት ሰው ብሎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የመገጣጠሚያውን መስመር ፈልጎ፣ በሁለቱም ወገን ያለውን ጥላና ሰው ማስተያየት የምዘናው መጀመሪያ ነው። ሁለተኛው መንገድ ሌንሱ ራሱ የሚዞርበት ካሜራ ነው፤ ኮዳክ ፓኖራም የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1899 ለገበያ ካቀረበ በኋላ ይህ ዓይነቱ በመንገደኛ እጅም ገባ። እዚህ ላይ መገጣጠሚያ የለም፤ ነገር ግን ቀጥ ያለው ጎዳና እንደ ቀስት ይጎብጣል፤ ከሌንሱ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ በቅሎ ይረዝማል፣ በተቃራኒው የሚሄደው ያጥራል። የፎቶው ግራ ዳርና ቀኝ ዳር የአንድ ቅጽበት አይደሉም። ይህን ሁሉ እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ። እኔ ግን እንደ ማስረጃ አየዋለሁ፤ የረዘመው በቅሎ ማን ወዴት ይሄድ እንደነበር፣ ገበያው ገና እየሞላ ይሁን እየተበተነ ይነግረናል።

እስከዚህ ያነበበ ሰው ዋናውን ተቃውሞ ያነሣል፤ ማንሣትም አለበት። እነዚህን ፎቶዎች ያነሣው ማን ነው? አብዛኛው የውጭ ተጓዥ፣ ቆንስላ ወይም ወራሪ ነው። በ1928 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ የገባው ጣሊያን ከተማዋን የጎጃም አስተዳደሩ መቀመጫ ሲያደርጋት፣ ገበያ ማንሣት የያዘውን አገር ለሮም የማሳየት ሥራ አንድ ክፍል ነበር፤ ከከፍታ ላይ፣ ሕዝቡን ያለ ስምና ያለ ፊት አድርጎ። ተቃውሞው ልክ ነው፤ ፎቶው የተነሣበት ዓላማ መታወቅ አለበት። ነገር ግን ዓላማው ፎቶውን ከማስረጃነት አያወጣውም። አንሺው የሚቆጣጠረው መሐሉን ነው፤ የት እንደሚቆም፣ ምን ፊት ለፊት እንደሚሆን ይመርጣል። ከዳር ያለውን የቅቤ ቅል፣ የአህያውን ጥላ፣ ከኋላ የበቀለውን ዛፍ አልመረጠም፤ ሌንሱ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ገቡበት። ፕሮፓጋንዳው መሐል ላይ ነው፤ ሰዓቱና ወቅቱ ዳር ላይ ናቸው። ፎቶውን በዳሩ በኩል ማንበብ የአንሺውን ሐሳብ አምኖ መቀበል አይደለም።

ሌላው ተቃውሞ ቀለል ያለ ነው። ፎቶው ጀርባው ላይ ወይም በቤተ መዛግብት ካርድ ላይ ቀን የተጻፈበት ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል ይባላል። የተጻፈ ቀን መታመን ያለበት ከተመረመረ በኋላ መሆኑን አንድ የጎጃም ምሳሌ ያሳያል። በለንደኑ ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ያለ ስመ ጥር ፎቶ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከእንግሊዝ የጦር መኮንኖቹ ከሳንድፎርድና ከዊንጌት ጋር በደምበጫ ምሽግ ያሳያል፤ የተያያዘው ጽሑፍ ቀኑን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1941፣ ማለትም ሚያዝያ 7 ቀን 1933 ዓ.ም. ይለዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን ነው፤ ደምበጫ ደግሞ ወደ ማርቆስ ሲመጡ ያለፏት ከተማ ናት። ወይ ከማርቆስ ወደ ኋላ ተመልሰዋል፣ ወይ የተጻፈው ቀን ፎቶው የተነሣበት ሳይሆን የታጠበበት ወይም የተመዘገበበት ነው። በዚያ ዘመን ከጎጃም የወጣ ፊልም ታጥቦ እስኪመዘገብ ጊዜ ይፈጃልና ሁለተኛው ለእኔ ይበልጥ ያመዝንብኛል። የንጉሠ ነገሥት ፎቶ፣ የጦርነት መዝገብ ያለው ፎቶ እንዲህ ከሆነ፣ ስለ አንድ ስም የለሽ የገበያ ቀን ካርድ ላይ የተጻፈ ቁጥር ያለ ጥላና ያለ ዛፍ ምስክርነት ብቻውን አይበቃም።

የአገር ሽማግሌ ትዝታ ይበልጣል የሚልም አለ። ትዝታ ፎቶው የማይችለውን ይችላል፤ የማን ተራ የት እንደነበር፣ ነጋዴው በየኬላው ስንት ቀረጥ ይከፍል እንደነበር፣ የጎጃም ገዥ በነበሩት በራስ ኃይሉ ዘመን ግብሩ ምን ያህል ይከብድ እንደነበር ሽማግሌ እንጂ ሌንስ አይናገርም። ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ከጎጃም ከተነሡ ወዲህ ግን ዘጠና ዓመት አልፏል፤ ዛሬ የምንሰማው ከአባት ለልጅ የደረሰ ወሬ ነው። ሽማግሌውንና ፎቶውን ማፎካከር አያስፈልግም። ፎቶው ሽማግሌው ፊት ይቀመጥ፤ «ይህ የጨው ተራ ነው» ሲሉ ጥላው የጧት ከሆነ፣ አሞሌው ገና ያልደረሰበት ባዶ መሬት ይሆን ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አንዱ ለሌላው ጥያቄ ያወጣለታል።

ሰፊ ፎቶ ፈጽሞ የማይነግረን ነገርም አለ፤ በጎጃም ይህ ጉዳይ ከባድ ነው። ባሶ ላይ ከተሸጠው አንዱ ሰው ነበር። ከጉድሩና ከዚያ ማዶ የተያዙ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ከቡናውና ከዝባዱ ጋር በአንድ መስመር ዓባይን ተሻግረው መጥተዋል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆንና የባሪያ ንግድን የሚከለክል ሕግ ስታወጣ፣ ያ ንግድ ከገበያ ሜዳ ፊት ተወገደ እንጂ በአንድ ቀን አልጠፋም። ስለዚህ ከ1916 ወዲህ የተነሣ የጎጃም ገበያ ፎቶ እህልና ጨርቅ፣ በግና ቅቤ ብቻ ሲያሳይ የጥንቱ ገበያ እንዲህ ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም፤ የተነሣበትን ዓመት ብቻ ነው የሚመሰክረው። ደብረ ማርቆስም ሆነ የጁቤ ላይ ሙዚየም ወይም ማዘጋጃ ቤት እንዲህ ያለ ፎቶ አጉልቶ ሲሰቅል፣ ከሥሩ ጥላው የሚናገረው ሰዓት፣ ተራዎቹ የሚናገሩት ወቅት፣ ዛፉና ጣሪያው የሚናገሩት ዘመን ይጻፍ፤ ከዚያም ቀጥሎ በዚያ ሜዳ ወይም በአቅራቢያው ከመቶ ዓመት በፊት ይሸጥ የነበረውና በፎቶው ውስጥ የሌለው ነገር፣ ሰውን ጨምሮ፣ በግልጽ ይዘርዘር።